የሰው በግ የቆጠርኩ ሰሞን

የሰው በግ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው አትቁጠሩ። የራሳችሁንም ቢሆን ሰው በሌለበት፣ ከንፈር ሳታንቀሳቅሱ ቁጠሩ። እኔ ይህን የምመክረው ቆጥሬ ስላየሁት ነው። ቆጥሬም አልቀረሁ፤ በጠመኔ ሠሌዳ ላይ ደርድሬዋለሁ። የማን በግ ከማን በግ በስንት እንደሚበልጥ ለአርባ አንድ ሕፃናት አስረድቻለሁ። ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁ። ስነግራችሁ ትንሽ ብደናገር አትፍረዱብኝ፤ ነገሩ ሲሆንም ተደናግሬ ነበር።

መምህር አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ተፈተንኩ፤ ፈተናው እኔን እዚያው ትቶኝ ካለፈ አንድ ዓመት አለፈው። መምህሯ እህቴ ናት። ነበረች ማለት ነበረብኝ፤ እሱን ገና አልለመድኩትም። ሰናይት ትባላለች። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። መስከረም ላይ ታመመች፣ ኅዳር ሲብት ቀበርናት። አርባዋ እንደወጣ እናቴ የኪራይ ቤቷን ዕቃ ጠቅልዬ እንዳመጣ ላከችኝ። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይኸው አሁን የካቲት ገብቷል፤ ፍራሹ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደቀረሁ... እንዲህ ነው የሆነው። የክፍሏን ቁልፍ ልመልስ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ በአንድ እጁ ቁልፉን፣ በሌላው እጁ እኔን ያዘ። ወረዳው ምትክ እስኪልክ ድረስ ልጆቹን አንድ ሁለት ቀን ዝም አሰኝልኝ አለኝ። ዝም ማለትን እንኳ ከቤቴ ተምሬው መጥቻለሁ ብዬ ገባሁ።

እውነቴን ነው። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ የሰናይትን ስም ጠርታ አታውቅም። ስሟ ሊነሳ ሲል እሷ ቀድማ ትነሳና ልብስ ደርቆ እንደሆነ ልታይ ትወጣለች። ልብስ ባልታጠበበት ቀንም ትወጣለች። እኔና ታናሽ ወንድሜም ሳንነጋገር ተስማምተን ስሟን ተውነው። እዚያ ክፍል ግን ገና ገብቼ ቀኑን ሠሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት ልጅ ተነስታ፣ ቲቸር ሰናይት ቀኑን የምትጽፈው በቀኝ በኩል ነው አለችኝ። ሌላው ደግሞ ቲቸር ሰናይት ጠመኔ እንዲህ አትይዝም አለኝ። ቤታችን በአርባ ቀን ያልሰማሁትን ስም በአንድ ክፍለ ጊዜ ጠገብኩት። እነሱ "ትል ነበር" አይሉም፤ "ትላለች" ነው የሚሉት። ማረም ነበረብኝ፤ አላረምኳቸውም። እንግዲህ የቀረሁት ለዚሁ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ለልጆቹ አዝኜ ነው እላለሁ፤ ስሟ የሚጠራበት ቦታ አግኝቼ ነው። እኔን "ጋሼ" ይሉኛል። "ቲቸር" የሚለውን ማዕረግ ለእሷ አስቀምጠውታል፤ አልቀየምኩም።

ምትኩ አልመጣም። አንድ ሰኞ ግን ዳይሬክተሩ ጠራኝና ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚመጣው ዓርብ ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ ነገረኝ። ክፍሌን ያያል። ልጆቹ መድረስ የሚገባቸው ቦታ ከደረሱ እስከ ሰኔ እንድቆይ ይፈቅዳል። ካልደረሱ ክፍሉ ይበተንና ከሌላው ሁለተኛ ክፍል ጋር ይደባለቃል፣ እኔም ፍራሼን ጠቅልዬ ወደዚያ ዝምታ እመለሳለሁ። መድረስ የሚገባቸው ቦታ የት ነው አልኩት። የሰናይትን የትምህርት ዕቅድ ደብተር ገልጦ አሳየኝ። የመጨረሻው መስመር "ተማሪዎች ባር ግራፍ ያነባሉ፤ ያወዳድራሉ" ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ባር ግራፍ አውቃለሁ። አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ግን በቅሎ መቀመጥ ሌላ፣ በቅሎ መግራት ሌላ።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ዓምድ ሳልኩ። ከሥራቸው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች ብዬ ጻፍኩና ይህ ምን ይነግረናል ብዬ ጠየቅሁ። ከፊት የሚቀመጠው ደምሴ ብዙ አስቦ፣ የፈረሰ አጥር ነው አለ። ከጎኑ ያለችው ማስተዋል አይደለም፣ የቤት ምሰሶ ነው፣ ክዳኑ ገና ነው አለች። ክርክሩ ክዳኑ ሣር ይሁን ወይስ ቆርቆሮ ወደሚለው ዞረ። እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለሣሩ ወግኜ ተከራከርኩ። ቆርቆሮ አሸነፈ። ደወል ተደወለ።

በሁለተኛው ቀን ብልሃት መጣልኝ። የሠሌዳ ሥዕል በእጅ አይዳሰስም፤ የሚዳሰስ ነገር ይሁን አልኩ። በዚህ አገር ከየቤቱ የማይጠፋው ምንድን ነው? እንጨት ይጠፋል፤ ኩበት አይጠፋም። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ አንድ ኩበት እንዲያመጣ አዘዝኩ። በማግስቱ አርባ አንድ ልጅ አርባ አንድ ኩበት በብብቱ ይዞ ተሰለፈ። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልም ከብብታቸው አላወረዱትም። የሌላው ክፍል መምህር ልጆቹ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ሒሳብ ነው አልኩት።

ከዚያ ሁሉም ከገብስ ቂጣ፣ ከባቄላ ንፍሮና ከድንች ቅቅል የሚወደውን እየመረጠ ኩበቱን በዚያ ክምር ላይ ያኖር ጀመር። ያማረ ነገር ነበር። ሦስት ክምር ቆመ። ችግሩ፣ ኩበት እንደ የቤቱ እጅ ነው። የማስተዋል እናት ስትጠፈጥፈው ታሳሳዋለች፤ የደምሴ ቤት ድፎ ዳቦ ያሳክሉታል። አሥራ አንዱ የባቄላ ወዳጆች በሙሉ ከወፍራም ኩበት ቤት የመጡ ሆነው ተገኙ። የትኛው ይበልጣል አልኳቸው፤ ባቄላ አሉ። ቁጠሩ አልኩ። ቆጠሩ፤ ድንች አሥራ ስምንት፣ ባቄላ አሥራ አንድ። እሺ፣ የትኛው ይበልጣል? ባቄላ። ዓይናቸውን ነው የሚያምኑት፣ ዓይናቸውም ልክ ነው፤ ባቄላው ከደምሴ ደረት ይደርሳል፣ ድንቹ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔም ቆሜ ባየሁት ቁጥር ባቄላ የበለጠ እየመሰለኝ መጣ።

ማስተዋል፣ ቲቸር ሰናይት እኩል እኩል አድርጉ ትላለች አለች። እህቴ ይህን ስለምን ብላ እንዳለችው አላውቅም፤ ምናልባት ስለ ዳቦ ይሆናል። ግን ገባኝ። ሁሉም ቁራጭ እኩል ካልሆነ ቁመት ይዋሻል። ነገ በቢላ ቆርጬ አስተካክለዋለሁ ብዬ ክፍሉን ዘጋሁ።

ነገ ስመጣ ገብስና ድንች የሉም። ለመምህራን ሻይ የሚያፈሉት እትዬ አስካለ በር ላይ አገኙኝና በሁለት እጃቸው መረቁኝ። ሌላው መምህር ማገዶ አምጡ ሲባል ወረቀት ነው የሚያመጣው፣ አንተ ግን እንዲህ ታስባለህ አሉኝ። ድንቹን ትናንት አንድደውታል፣ ገብሱን ዛሬ ጠዋት። ባቄላው ወፍራም ስለሆነ እሳቱን ይይዛል ብለው ለሰኞ አቆይተውታል። ከመረቁኝ በኋላ የማስተማሪያ መሣሪያዬን አቃጠሉት ማለት አቃተኝ። ሻዩን ጠጣሁ። ጥሩ ሻይ ነበር።

እንግዲህ ወደ በጉ መጣን።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሠሌዳ ላይ እኩል እኩል ሣጥን እሠራለሁ፤ አንድ በግ አንድ ሣጥን። በግ ደግሞ በሁሉም ቤት ስላለ ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል። ስድስት ልጆች መርጬ እናንተ ቤት ስንት በግ አለ ብዬ ጠየቅሁ። ደምሴ "አለ" አለኝ። ስንት ብዬ ስጠይቀው፣ "ትንሽ አለ" አለኝ። ማስተዋል "እግዜር ይመስገን" አለችኝ። ሌላው ግድግዳውን አየ። እኔም መቁጠር አይችሉም ማለት ነው አልኩ። ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት፣ የአስፋልት ዳር ልጅ ነኝ። የእናቴ አገር ሰው ሀብቱን ሲጠየቅ ለምን እንደሚያቅማማ ሰምቼ ማወቅ ነበረብኝ። አልሰማሁም፣ ወይ ሰምቼ ረስቻለሁ። ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ብዙ ነገር ይረሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ሐዘን ሳይኖርም ረሺ ነኝ።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ከሰዓት በኋላ በጎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ። መንጋው ሲያልፍ እንዳልሳሳት ብዬ በጣቴ፣ አዎ በጣቴ፣ እየጠቆምኩ፣ ጮክ ብዬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። ሰዎች ቆመው አዩኝ። እኔም ሰላምታ ሰጠኋቸው።

ሰኞ ጠዋት የስድስት ቤት ዓምድ በስማቸው ሠሌዳው ላይ ቆመ። ረጅሙ የጋሽ ሞገስ ነው፤ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፣ የማስተዋል አያት። ያን ዕለት ትምህርቱ እንዴት እንደሄደ ብታዩ። ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሣጥኖቹ እኩል መሆናቸውን ሲያዩ አፋቸው ተፈታ። የእነ ደምሴ ከእነ እገሌ በሦስት ያንሳል፣ የእነ ማስተዋል ከሁሉም ይበልጣል፣ የሁለቱ ቤት ሲደመር የእነ ማስተዋልን ያህላል። የመጨረሻውን እኔ እንኳ አላስተማርኩም። እየዘለልኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰናይት ብታየኝ አልኩ፣ ደግሞም አልከፋኝም።

ልጆቹ ግን የተማሩትን ቤታቸው ሄደው ለወላጆቻቸው አነበቡ። በዚያው ምሽት ከጋሽ ሞገስ በጎች አንዷ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች።

ጠዋት ከአርባ አንድ ልጅ የመጣው አሥራ ሁለት ነው። ወላጆች ግን በብዛት መጥተዋል። አንዷ እናት ይህ ለግብር የሚላክ መዝገብ ነው አለች። ሌላዋ አይደለም፣ ለእርዳታ ነው፣ ታዲያ የእኛ ቤት ለምን ቀረ አለች። አንድ አባት ደግሞ ለብቻዬ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ቁጣው በመቁጠሬ አይደለም፤ የእሱ ዓምድ ከሚስቱ ወንድም ዓምድ አጥሮ በመቆሙ ነው። ሁለት በጎቹ ያን ዕለት ጎረቤት ውለው ነበር፤ ሣጥናቸው እንዲጨመርለት፣ ግን እንደጨመርኩ ማንም እንዳያውቅ ለመነኝ።

ጋሽ ሞገስም ገቡ። የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡና ሠሌዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"የእኔ የትኛው ነው?" አሉኝ።

ረጅሙን አሳየኋቸው። ኩራትም ቢጤ ነበረኝ።

"ከላዩ አንድ አጥፋ።"

ዳስተሩን አነሳሁና ከላይ አንዷን ሣጥን አጠፋሁ። አስተካክዬ። ዝም ብዬ አንገቴን ደፍቼ ብቆም ኖሮ እዚያው ይቅር ሊሉኝ አስበው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ምጸቱ ሳይገባኝ ዳስተሩን ሳነሳ ሲያዩ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ተናገረ።

ጩኸቱ ሲበርድ ጋሽ ሞገስ እንደ ልጅ አስተማሩኝ። ሀብት አይቆጠርም። የቀፎ ንብ አይቆጠርም። ሰውማ ጭራሽ አይቆጠርም። የተቆጠረ ነገር ስም ይወጣለታል፣ ስም የወጣለትን ዓይን ያገኘዋል። እህትህ ይህን ታውቅ ነበር አሉኝ፤ ሦስት ዓመት ስታስተምር የማንንም ቤት ስንት ብላ አታውቅም። ታዲያ ምን ልቁጠር አልኳቸው፤ ሲመልሱልኝ ለስለስ አሉ። መቁጠር ግድ ከሆነብህ የእግዜርን ቁጠር አሉኝ። የእግዜር ምን? ብል፣ ውርጩን አሉ። እሱ ቢጠፋም ማንም አይከስህ።

ሠሌዳው በውኃ ታጠበ። እትዬ አስካለ ጠበል የነካ ውኃ ነው ብለው ደግመው አጠቡት። እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ምንም መጻፍ አልቻልኩም። ልጆቹ ግን በማግስቱ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በር ላይ ቆመን እናያለን። ሣሩ ነጭ ከሆነ ለውርጭ አንድ ሣጥን፤ ተራራው ካልታየ ለጉም አንድ ሣጥን፤ ጥላችን ከታየ ለፀሐይ። በአንድ ጠዋት ውርጭም ጉምም ሆኖ ተጣላን፤ ለሁለቱም ሰጠን። እስከ ዓርብ ውርጭ አምስት፣ ጉም ሦስት፣ ፀሐይ አንድ ሆኑ። ልጆቹ እንደ ዳዊት ደገሙት።

ዓርብ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ጃኬት የለበሰ፣ ደብተሩን በደረቱ የያዘ፣ ብዙ የማይስቅ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመ፤ ጋሽ ሞገስ ስለ ኮሚቴው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ተጠየቁ፣ መለሱ። ውርጭ ከጉም በሁለት ይበልጣል። ፀሐይ ከውርጭ በአራት ታንሳለች። እኔ መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። ይህን በቃላቸው ይዘውታል፣ አዲስ እንሥራ አለ። ከዚያም ደግ ሐሳብ የመጣለት መስሎት፣ ወንድምና እህቶቻችሁን እንቁጠር አለ።

አርባ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛውን አየ። ማስተዋልን አስነሳት፤ ስንት ወንድምና እህት አለሽ አላት። "አሉ" አለች። ስንት? ብሎ ደገመ። "እግዜር ይጠብቃቸው።" ደምሴን አስነሳው፤ ደምሴም ይጠብቃቸው አለ። ሰውዬው ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አንገቴን አስግጌ አየሁ። "አይቆጥሩም" ብሏል። ላስረዳው አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ዓይን፣ ስለ በጓ፣ ስለ ኩበቱ ሁሉ ተደባልቆ መጣና ምን እንዳልኩት አላውቅም። እሱም አላወቀ። እሺ፣ መምህሩ በራሱ ያሳያቸው አለኝ።

ጠመኔ ይዤ ሠሌዳው ጋ ቆምኩ። ለታናሽ ወንድሜ አንድ ሣጥን ሠራሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ሁለተኛውን ጀመርኩት፤ አጠፋሁት። ደግሜ ጀመርኩት። እንዴት ልበላችሁ፣ ልክ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። አንድ ብል ልክ ነው፤ ልክም አይደለም። ሁለት ብል ሐሰት ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ባር ግራፍ ላይ ደግሞ ግማሽ ሣጥን አላስተማርኳቸውም።

"የራስህን ወንድምና እህት አታውቃቸውም?" አለኝ ሱፐርቫይዘሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ አልነገሩትም።

ልጆቹ ያውቃሉ። አንድም አልሳቀ። ከኋላ አግዳሚው ተንቋቋ፤ ጋሽ ሞገስ ተነስተዋል።

"ቁጠራት ልጄ" አሉ። "የማይቆጠረው ያለ ነው። የሄደን ዓይን አያገኘውም።"

ሠራኋት። ከወንድሜ በላይ፣ አራት ማዕዘኗን አስተካክዬ። ጋሽ ሞገስ ለታናሽ ወንድሜ ብለው፣ እሱ በሕይወት ተቆጥሯልና፣ ወደ መሬት እንትፍ እንትፍ አሉለት።

ሱፐርቫይዘሩ ሠሌዳውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ዳይሬክተሩን አየ። እስክሪብቶውን ከደነ። ከዚያ፣ ማወዳደሪያ ያስፈልጋልና የእኔን ከጎኑ ሥራው አለኝ። አራት አለኝ። አራት ሣጥን ሠርቼ ዘወር ስል፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ "አምስት አድርገው" አለ።

ማስተዋል ሳትጠራ ወጣች። መዳፏን በእኔ ዓምድ ጫፍ ላይ አስተኝታ ወደ እሱ ዓምድ በትክክል ወሰደችው።

"የጋሼ እዚህ ጋ ያልቃል" አለች። "የእሳቸው ገና አለ። በሦስት።"

ከዚያ ሁሉም እጁን አወጣ። በሦስት ያንሳል፣ በሦስት ይበልጣል፣ ሲደመር ሰባት። አንድ ልጅ ለጋሼ ሦስት ብንጨምርላቸው እኩል ይሆናሉ አለ፤ ከየት እንደምናመጣ ግን አልተናገረም። ሰውዬው ደብተሩን ከፈተ፣ የጻፈውን ሰረዘ፣ ሌላ ጻፈ። ሲወጣ ለዳይሬክተሩ እስከ ሰኔ ይቆይ ማለቱን የሰማሁት በሩ ጋ ሳልደርስ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፈቀዱልህ ወይ አለችኝ፤ እስከ ሰኔ ፈቀዱልኝ አልኳት። ምን ጠየቁህ አለችኝ። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር፤ ስለ ውርጭ ጠየቁኝ ብል ሐሰት አይደለም። ግን ደክሞኝ ነበርና የመጣልኝን ተናገርኩ። ስንት ወንድምና እህት አለህ አሉኝ አልኳት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። አሁን ልብስ ልታይ ትነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሳችም።

"ስንት አልካቸው?"

"ሁለት። ሠሌዳ ላይ ሣልኳቸው።"

"ሰናይትንም?"

"ሰናይትንም።"

አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወረወረች።

"ከትንሹ አስረዝመህ ነው የሣልካት?" አለችኝ። "እሷ መለሎ ናት።"

ሁሉም ሣጥን እኩል መሆን አለበት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት እሱኑ ብቻ ነው። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ።

"አዎ እማዬ" አልኳት። "አስረዝሜያታለሁ።"